ከሚሲሲፒ እስከ ዓድዋ ሰማይ፤ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም። ደመራ ከተለኮሰ ሳምንት እንኳን አልሞላም። ክረምቱ ወጥቶ የዓድዋ ተራሮች አረንጓዴ ለብሰዋል። በዚያ ማለዳ ግን ከመረብ ማዶ የተነሡ አውሮፕላኖች የከተማዋን ሰማይ በጩኸት ሞሉት። ቦምቡም ሕዝብ በሚኖርበት ላይ ወረደ። የጣሊያን መንግሥት አርባ ዓመት የቋጠረውን ቂም ሊወጣ፣ በእግር ያልሆነለትን በክንፍ ሊሞክር መጥቷል።

በዚያ ሰዓት ዓድዋ ውስጥ አንድ እንግዳ ነበሩ። የቆዳቸው ቀለም ከሀገሬው አይለያቸውም፤ ቋንቋቸው ግን የሩቅ ሀገር ነው። ከአዲስ አበባ የመንግሥት መልእክት በአውሮፕላን ይዘው የመጡ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ስማቸው ጆን ቻርለስ ሮቢንሰን፣ ማዕረጋቸው ኮሎኔል፣ ሥራቸው የኢትዮጵያን አየር ኃይል ማዘዝ ነው። የሚያዝዙት አየር ኃይል ግን ከጣሊያን አውሮፕላኖች ጋር በሰማይ ሊተያይ የሚችል አንድም ዘመናዊ ተዋጊ አልነበረውም። እኒያ ሰው ከዚያ ማለዳ ጀምሮ ለሰባት ወራት የተዋጉት ጦርነት፣ አንድም የጠላት አውሮፕላን ያልጣሉበት ጦርነት ነው። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ግን በዚሁ ጦርነት ነው።

ሮቢንሰን የተወለዱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በፍሎሪዳ ግዛት ካራቤል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባታቸውን በጨቅላነታቸው አጡ። እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ወደ ገልፍፖርት ከተማ ሄዱ፤ እዚያም ሌላ ትዳር መሠረቱ። እንጀራ አባታቸው በባቡር ጥገና የሚተዳደሩ ታታሪ ሰው ነበሩ። ብረት ሲፈታና ሲገጠም እያየ ያደገው ልጅም ልቡ ወደ ሞተር አዘነበለ።

ያን ጊዜ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር ሆኖ መወለድ ብዙ በር ተዘግቶ መወለድ ነበር። ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፤ በአንድ የባቡር ፉርጎ አይሳፈሩም፤ ከአንድ ቧንቧ ውኃ አይጠጡም። ለጥቁር ልጅ ክፍት ከነበሩት ጥቂት በሮች አንዱ በአላባማ ግዛት የሚገኘው የተስኪጊ ተቋም ነው። ይህን ተቋም በአውሮፓውያኑ 1881 መምራት የጀመሩት ከባርነት የወጡት ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ናቸው። ተቋሙ የሚታወቀው ከቀለም ጋር የእጅ ሙያን አጣምሮ በማስተማር ነው። ሮቢንሰን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከዚያ የመኪና መካኒክ ሆነው ወጡ። በኋላ በዲትሮይት፣ ቀጥሎም በቺካጎ በመካኒክነት ሠሩ። ገቢያቸው መልካም ነበር። እሳቸው የሚያልሙት ግን ስለ መኪና ሳይሆን ስለ አውሮፕላን ነው።

በቺካጎ ከርቲስ ራይት የተባለ የታወቀ የበረራ ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን አመለከቱ፤ ማመልከቻቸው ተመለሰ። ደግመው አመለከቱ፤ ደግሞ ተመለሰ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር ናቸው። በዚህ ጊዜ የሙያ ባለቤት የሆኑት መካኒክ አንድ ነገር አደረጉ። በዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። መምህሩ ሲያስተምር ወለሉን እየጠረጉ ያዳምጣሉ፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በልባቸው ይይዛሉ። ያገኙትንም ዕውቀት እንደ እሳቸው የበረራ ጥማት ላለባቸው ጥቁር ጓደኞቻቸው ያካፍላሉ። እነዚህ ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው በሞተር ብስክሌት ሞተር የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ገጣጠሙ። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ሥራቸውን አይቶ ተደነቀ፤ በሩ እንዲከፈትላቸውም ረዳቸው።

የቅርብ ጓደኛቸው ኮርኔሊየስ ኮፊ ታሪክም ከዚህ የሚለይ አይደለም። ሁለቱ በተልእኮ ተመዝግበው ተቀባይነት ካገኙ በኋላ፣ ጥቁር መሆናቸው በታወቀ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሊመልሳቸው ፈለገ። የሚሠሩበት የመኪና መሸጫ ባለቤት፣ ነጭ አሜሪካዊ ነው፣ ውሉ ካልተከበረ በፍርድ ቤት እከስሳለሁ ብሎ ቆመላቸው። በአውሮፓውያኑ 1931 በአውሮፕላን መካኒክነት ተመረቁ። ትናንት መግቢያ የነፈጋቸው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን ሰብስበው እንዲያስተምሩ ጠየቃቸው፤ እነሱም አስተማሩ።

መብረር ቢችሉም የሚያርፉበት ግን አልነበረም፤ የቺካጎ አካባቢ የአውሮፕላን ሜዳዎች ጥቁር አብራሪን አይቀበሉም። ስለዚህ ሮቢንሰንና ኮፊ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር ሜዳ ደልድለው የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ማኅበራቸው ሴቶችንም ያቀፈ ነበር። ነርሷ ጃኔት ብራግ በራሷ ገንዘብ አውሮፕላን ገዝታ ለማኅበሩ አገልግሎት አውላለች። በ1933 ብርቱ ማዕበል ማረፊያውንና መጠለያውን አወደመው። ተስፋ አልቆረጡም፤ ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውረው ቀጠሉ። በዓመቱ ሮቢንሰን ተምረው ወደ ወጡበት ተስኪጊ በአውሮፕላን ሄደው፣ ተቋሙ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ሐሳብ አቀረቡ። ያኔ የዘሩት ሐሳብ ከዓመታት በኋላ ይበቅላል፤ እሳቸው ግን በዚያ ጊዜ ሌላ ጥሪ ይጠብቃቸው ነበር።

በኅዳር 1927 ዓ.ም ወልወል ላይ የኢትዮጵያና የጣሊያን ወታደሮች ተጋጩ፤ የጦርነቱ ደመና ከበደ። በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቁሮች ይህን ዜና እንደ ሩቅ ሀገር ወሬ አልሰሙትም። ኢትዮጵያ ለእነርሱ በቅዱስ መጽሐፍ ስሟ የሚጠራ፣ በዓድዋ ነጭ ወራሪን ያሳፈረች፣ ቅኝ ያልተገዛች የክብር ቤት ናት። ሮቢንሰን ለዚህች ሀገር ለመብረር ፈቃደኛ መሆናቸውን በቺካጎ ገለጹ። ወሬውን የሰሙት የጥቁሮች የዜና አገልግሎት መሪ ክሎድ ባርኔት፣ በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ከተማሩት ከዶክተር መላኩ በያን ጋር አገናኟቸው። ዶክተር መላኩ ጉዳዩን ለንጉሠ ነገሥቱ አደረሱ። ሮቢንሰን ትምህርት ቤታቸውንና ሥራቸውን ትተው በግንቦት 1927 ዓ.ም ጉዞ ጀመሩ። ሊከተሏቸው ያሰቡ ጓደኞቻቸው ግን አልቀናቸውም፤ ብቻቸውን ቀሩ።

አዲስ አበባ ሲደርሱ የጠበቃቸው አቀባበል ጥንቃቄ ያልተለየው ነበር። ለዚህም ምክንያት አለው። ከአምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሁበርት ጁሊያን የተባለ ከሐርለም የመጣ ጥቁር አብራሪ፣ በንግሥ በዓሉ ዋዜማ የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አውሮፕላን ከስክሶ ከሀገር ተባርሮ ነበር። ጁሊያን በ1927 ዓ.ም ተመልሶ መጣና ሁለቱ አሜሪካውያን አዲስ አበባ ውስጥ በጡጫ ተቃመሱ። የሮቢንሰን እጅ ሞተር ለመፍታት ብቻ ሳይሆን ለቁጣም ፈጣን እንደነበረ መካድ አይቻልም፤ ይህ ጠባያቸው በኋላም ዋጋ ያስከፍላቸዋል። ያም ሆኖ በሥራቸው ተፈትነው አለፉ። በነሐሴ 1927 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ በኮሎኔልነት ማዕረግ የአየር ኃይሉ አዛዥ አድርገው ሾሟቸው።

የተረከቡት ምን ነበር? ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን አውሮፕላኖች ያገኘችው በ1921 ዓ.ም መጨረሻ ነው፤ አንዱ የፈረንሳይ ፖቴዝ፣ ሌላው የጀርመን ዩንከርስ። በቀጣዩ ዓመት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ጦርነቱ ሲጀመር በሀገሪቱ የነበሩት አውሮፕላኖች ደርዘን ያህል ብቻ ነበሩ። ዓይነታቸውም የተለያየ ነው፤ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። በቂ መካኒክ የለም፤ ከነዚያም መካከል በአንድ ጊዜ መብረር የሚችሉት ጥቂቶቹ ናቸው። በሌላ በኩል ጣሊያን በኤርትራና በሶማሊያ በኩል በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አሰልፋለች። ከእነዚህ መካከል ባለ ሦስት ሞተር ቦምብ ጣዮቹ ካፕሮኒና ሳቮያ ይገኙበታል።

ሮቢንሰን አዘውትረው ያበሩት የነበረው ፖቴዝ 25 ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ክንፈ ድርብ፣ አብራሪው ነፋስና ዝናብ በፊቱ የሚቀበልበት አውሮፕላን ነው። አካሉ በአብዛኛው ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ሲሆን፣ የሞተሩ አቅም 450 የፈረስ ጉልበት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ያለው አውሮፕላን በባሕር ጠረፍ ሜዳ ላይ ደኅና ሊያገለግል ይችላል። የኢትዮጵያ ደጋ ግን ሌላ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም በሳሳ አየር ላይ በቂ ድጋፍ ስለማያገኝ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚበር አብራሪ ደግሞ ከዚህም ከፍ ያሉ ተራሮችን መሻገር ግድ ይለዋል። የአየር ጠባይ የሚነግረው ጣቢያ የለም፤ መንገድ የሚመራው ሬድዮ የለም። ወንዙን፣ ገደሉን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት በዓይኑ እየለየ ይሄዳል።

መካኒክነታቸው እዚህ ላይ ነው የሀገር ሀብት የሆነው። ጦርነቱን የሚዘግቡ ጋዜጦች የሚጽፉት ስለ አብራሪው ጀግንነት ነው፤ ሆኖም በአቃቂ ሜዳ ላይ የሚደረገው ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ጥገና ባይኖር ኖሮ የሚጻፍ በረራም አይኖርም ነበር። ካንዴላው ይጸዳል። የተበሳው ሸራ ይሰፋል፤ ቫርኒሽም ይቀባል። ከማይበርሩት አውሮፕላኖች ላይ የሚጠቅመው እየተፈታ ለሚበርሩት ይገጠማል። ቤንዚኑ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ በቁጥብ ይቀዳል።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አውሮፕላን ከመሬት ተነሥታ መሠራቷም የሚረሳ አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የሠሯት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን በጦርነቱ መጀመሪያ ወራት በረረች። ወራሪው ማርኮ ወደ ሀገሩ ወሰዳት፤ ለአሥርተ ዓመታትም በጣሊያን ሙዚየም ቆየች። ወደ እናት ሀገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም ነው።

የሮቢንሰንና የባልደረቦቻቸው የጦርነት ሥራ መልእክት ማድረስ፣ መድኃኒት መጫን፣ ቁስለኛ ማንሣት፣ የጠላትን አሰላለፍ ከሰማይ አይቶ መንገር ነበር። አንዳንድ ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱን ያሳፍራሉ። ስልክ በማይደርስበትና በቅሎ ሳምንት በሚፈጅበት ሀገር፣ በማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ግንባር የሚደርስ መልእክት ብዙ ነገር ይወስናል። የጠላት ተዋጊ ሲመጣባቸው መከላከያቸው ሽሽት ነው። ወደ ደመና ይገባሉ፤ ወይም በሸለቆው ውስጥ ለውስጥ ዝቅ ብለው ያመልጣሉ። ሁልጊዜ አልተሳካላቸውም፤ ሮቢንሰን በበረራ ላይ በተተኮሰባቸው ጥይት ክንዳቸው ላይ ቆስለዋል፤ የመርዝ ጋዙም ደርሷቸዋል። ከታኅሣሥ ጀምሮ የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ፣ ኋላም በሌሎች ግንባሮች የሰናፍጭ ጋዝ በሰው፣ በእንስሳትና በውኃ ላይ ያዘንቡ ነበር። ባዶ እግሩን የሚዘምተው ገበሬ ከሰማይ ለሚወርደው እሳት መልስ አልነበረውም። ቀይ መስቀል የተሣለባቸው ድንኳኖችም ከቦምብ አልዳኑም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ማይጨው ላይ የመጨረሻው ትልቅ ጦርነት ተደረገ፤ ወገንም ተሸነፈ። በዚያ ሰሞን የጣሊያን አውሮፕላኖች የአቃቂን ሜዳ ደብድበው በመሬት ላይ የነበሩትን አውሮፕላኖች አቃጠሉ። አየር ኃይሉ የሚያበቃበት ጊዜ ነበረ። ሚያዝያ 27 ቀን የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሮቢንሰን ቀደም ብለው ከሀገር ወጥተው ነበር።

በግንቦት ኒውዮርክና ቺካጎ ሲደርሱ ሕዝቡ የተቀበላቸው እንደ ድል አድራጊ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች በየአደባባዩ ወጡ፤ ጋዜጦችም ቡናማው ንስር የሚል ቅጽል አወጡላቸው። ነገሩ ላስተዋለው ያስደንቃል፤ የተሸነፈ ሠራዊት አዛዥ፣ አንድም የጠላት አውሮፕላን ያልጣሉ አብራሪ በእልልታ ተከበሩ። ሕዝቡ ያከበረው ግን ድሉን አልነበረም። ጥቁር ሰው ዘመናዊ አውሮፕላን ሊያበር፣ ሊጠግንና አየር ኃይል ሊያዝዝ አይችልም የሚለው ንግግር በእሳቸው ሐሰት መሆኑን ነው ያከበረው።

ሮቢንሰን በቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት ከፍተው ማስተማር ቀጠሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጥቁሮች በአሜሪካ አየር ኃይል ይገቡ ዘንድ የተደረገው ትግል ፍሬ አፈራ። በአውሮፓውያኑ 1941 የመጀመሪያው የጥቁር አብራሪዎች ጓድ ተቋቋመ፤ አብራሪዎቹ የሠለጠኑትም ሮቢንሰን ሐሳቡን አስቀድመው ባቀረቡበት በተስኪጊ ነው። የምድር ሠራተኞቹ የሠለጠኑት በኢሊኖይ ግዛት በሚገኘው በቻኑት የጦር ሠፈር ሲሆን፣ ሮቢንሰንም በዚያ የአውሮፕላን ጥገና አስተምረዋል። ያ ጓድ በሰሜን አፍሪካና በጣሊያን ሰማይ ላይ ስሙን አስጠራ። ከዓመታት በፊት ኢትዮጵያን የደበደበው የሙሶሊኒ መንግሥት ሲወድቅ ከተሳተፉት መካከል የተስኪጊ ልጆች ይገኙበታል።

ኢትዮጵያ ነጻነቷን ካስመለሰች በኋላ በ1936 ዓ.ም ኮሎኔሉ ሁለተኛ ጥሪ ደረሳቸው። በዚህ ጊዜ ብቻቸውን አልመጡም፤ ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎችና መካኒኮች አብረዋቸው ነበሩ። ያገኙት ሀገር ከወረራ ያገገመች፣ ግን ሁሉን ከሥሩ የምትጀምር ናት። በአዲስ አበባ ወጣቶችን ሰብስበው አስተማሩ። ትምህርቱ ከበረራ አልጀመረም፤ ከቁልፍና ከመፍቻ፣ ከሞተር አሠራር፣ ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ እንጂ። ለብዙዎቹ ወጣቶች ሞተር ተፈቶ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ባደረገበት ወቅት፣ ሀገሪቱ መሬት ላይ ስለ አውሮፕላን የሚያውቁ እጆች እያፈራች ነበር፤ ከእነዚያ እጆች ጥቂት የማይባሉትን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው።

ነገር ግን መንግሥት አየር ኃይሉን ለማደራጀት ወደ ስዊድን ፊቱን አዞረ። የመጡት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው። እሳቸውም ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበሩም፤ በ1928ቱ ጦርነት በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛ ያነሡ ሰው ናቸው። የስዊድን አውሮፕላኖች መጡ፤ ማሠልጠኛው ቢሾፍቱ ላይ ተተከለ። ሮቢንሰን ከጀመሩት ሥራ ወደ ጎን የተገፉ መሰላቸው፤ ምናልባትም ተገፍተዋል። በ1939 ዓ.ም ሁለቱ ሰዎች ተጣሉ፤ ጸቡም ከቃል አልፎ ከድብደባ ደረሰ። ሮቢንሰን ሕግ ፊት ቆሙ፤ ሥልጣናቸውንም አጡ። ሁለቱም ኢትዮጵያ በተጨነቀች ጊዜ በክንፋቸው የደረሱላት ነበሩና፣ ጠባቸው ለሚያውቋቸው ሁሉ የሚያሳዝን ነበር። ፎን ሮዘን ከዓመታት በኋላ፣ በሐምሌ 1969 ዓ.ም፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጎዴ ላይ ሞተው በዚሁ ሀገር ቀርተዋል።

ሮቢንሰን ወደ አሜሪካ መመለስ ይችሉ ነበር፤ አልተመለሱም። በአዲስ አበባ ኑሯቸውን አደረጉ፤ ማብረርና ማስተማርም አላቆሙም። ትናንት የሠራዊት አዛዥ የነበሩ ሰው ዛሬ በትናንሽ አውሮፕላኖች ሥራ መሠማራታቸው ለክብራቸው ያነሰ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ለመካኒኩ ሮቢንሰን ግን ሞተር ትልቅም ሆነ ትንሽ ያው ሞተር ነው።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም ለአንድ ሕመምተኛ ደም በአስቸኳይ እንዲደርስ ተፈለገ። ኮሎኔሉ ስቲንሰን በተባለች ቀላል አውሮፕላን ተነሡ፤ አብሯቸው አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር። አውሮፕላኗ አዲስ አበባ ውስጥ ወድቃ በእሳት ተያያዘች። መሐንዲሱ ሕይወቱ አለፈ። ሮቢንሰን ክፉኛ ተቃጥለው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ከሕመሙ ጋር ታግለው መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም አረፉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ገደማ ነበር። ሥርዓተ ቀብራቸው በጉለሌ መካነ መቃብር ተፈጸመ፤ አስከሬናቸውን ከሸኙት መካከል ሞተር መፍታት ያስተማሯቸው ወጣቶች ነበሩ።